የኬግል እንቅስቃሴ ምንድን ነው?

ጂም ውስጥ "አሁን ገመድ ዝላይ!" ሲባል ሹልክ ብላ ሽንት ቤት የምትሄድ ልጅ አትጠፋም። ሽንቷ መጥቶ አይደለም፣ ፈርታ ነው። ስትዘል፣ ስትሮጥ፣ ስታስነጥስ ወይም ከት ብላ ስትስቅ ጠብ ይላታል። ጥቁር ታይት ትመርጣለች፣ ሞዴስ ታደርጋለች፣ ለማንም አትናገርም።

ነገሩ የወለዱ ሴቶችና የአሮጊቶች ብቻ ይመስለናል። እርግዝናና ወሊድ ያባብሱታል፣ እውነት ነው። ግን ወልደው በማያውቁ ወጣት ስፖርተኞች ላይም ይታያል፣ በተለይ ዝላይ በሚበዛበት ስፖርት። ሆድሽ ድንጋይ ቢመስልም ከዚህ አያድንሽም።

የጠፍር አልጋ አይተሽ ታውቂያለሽ? የዳሌ ወለል ጡንቻዎችም እንደዚያ ናቸው። ከፊት ካለው የብልት አጥንት እስከ ኋላ ጭራ አጥንት ተወጥረው የሽንት ፊኛን፣ ማህፀንንና የአንጀትን መጨረሻ ይሸከማሉ። ስትዘዪ ሆድሽ ውስጥ ያለው ግፊት ድንገት ይጨምርና ፊኛውን ይጫነዋል። ጡንቻዎቹ ከላሉ ወይም በሰዓቱ ካልጨበጡ ሽንት ያመልጣል።

እነዚህን ጡንቻዎች ማሠልጠን ነው ኬግል የሚባለው። ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1948 ስለዚሁ ከጻፈው አሜሪካዊ የማህፀን ሐኪም፣ ከአርኖልድ ኬግል ነው። ሰውየው ሴቶቹ ምን ያህል እንደጨበጡ የሚያሳይ የግፊት መለኪያም ሠርቶ ነበር። ብልህ ነበር፣ ምክንያቱም ትልቁ ችግር ጡንቻውን ማግኘቱ ነው።

በጀርባሽ ተጋድመሽ ጉልበትሽን እጠፊ። ሰው መሃል ሆነሽ አየር እንዳያመልጥሽ የምትቋጥሪውን ያህል ቋጠር አድርጊ። ሽንት እንደምትይዢም ሁሉ ከፊት በኩል ጨምሪበት። ወደ ውስጥና ወደ ላይ ሳብ ሲል ይሰማሻል። ቂጥሽ ከተጨመቀ ወይም ጭንሽ ከተጋጠመ ሌላ ጡንቻ እየሠራ ነው። ብዙዎች ደግሞ እንደሚያምጥ ሰው ወደ ታች ይገፋሉ፤ ይሄ ጭራሽ ተቃራኒው ነው። ትንፋሽሽን አትያዢ። ቋጥረሽ ጮክ ብለሽ እስከ አምስት መቁጠር ከቻልሽ እየተነፈስሽ ነው ማለት ነው።

በ3 ሰከንድ ጀምሪ፣ ቀስ በቀስ ወደ 10 አሳድጊው። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ለቀቅ። መልቀቁን ሰው ይንቀዋል፣ እኔ ግን እኩሌታው ሥራ ነው ባይ ነኝ። በአንድ ዙር ቢያንስ 8 ጊዜ፣ በቀን 3 ዙር፣ ቢያንስ ለ3 ወር። በሁለት ሳምንት ለውጥ ካላየሁ ብለሽ አትተዪው። ከውጭ ስለማይታይ ታክሲ ሰልፍ ላይም ይሠራል። እየሸናሽ መሃል ላይ ማቋረጥን ግን ልምምድ አታድርጊው፣ ፊኛሽ በደንብ ባዶ ላይሆን ይችላል።

አንዲት ዘዴ ልጨምር። ማስነጠስ ሲመጣብሽ፣ ወይም ከባድ ነገር ልታነሺ ስትይ፣ ቀድመሽ ቋጠር አድርጊ። ጊዜውን ማወቅ ከጉልበት እኩል ይጠቅማል። ውሃ መጠጣት መቀነስ ግን መፍትሔ አይደለም፣ ሽንቱ ሲወፍር ፊኛውን ያስቆጣዋል።

ኬግል ለሁሉም አይሆንም። አንዳንዷ ጡንቻዋ የላላ ሳይሆን ከመጠን በላይ የተወጠረ ነው። ግንኙነት የሚያማት ወይም ሽንቷ እንደልብ የማይወርድላት ከሆነ ማጥበቁ ያባብስባታል። እሷ መጀመሪያ መልቀቅ መማር አለባት፤ በዚህ የሠለጠነ ፊዚዮቴራፒስት ካገኘች ደግሞ ጥሩ። ማቃጠል ወይም ደም ካለ ሐኪም ጋር ነው። ከአስቸጋሪ ምጥ በኋላ ቀን ከሌት ሳያቋርጥ የሚፈስ ሽንትም ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ ፊስቱላ ሊሆን ይችላል። ከፊኛ ወደ ብልት የተከፈተ ቀዳዳ ነውና በስፖርት አይደፈንም፣ እንደ አዲስ አበባው ሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል ባለ ቦታ ግን ይታከማል።