የሄንሪ የአሻራ አመዳደብ ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ መጨረሻ በእንግሊዝ ትገዛ በነበረችው ሕንድ፣ ቤንጋል ውስጥ ጃልፓይጉሪ አውራጃ፣ የአንድ ሻይ እርሻ ሥራ አስኪያጅ ጉሮሮው ታርዶ አልጋው ላይ ተገኘ። ብዙ መቶ ሩፒ ተወስዷል። ሲገደል ያየ ሰው የለም። ሣጥኑ ውስጥ ግን ሰማያዊ ሽፋን ያለው የቤንጋሊኛ ዘመን መቁጠሪያ ነበር፤ ሽፋኑ ላይ ደብዘዝ ያሉ ሁለት ቡናማ እድፎች ይታያሉ፣ አንዱ የጣት አሻራ ነው።

ካልካታ ውስጥ ከ1897 ጀምሮ የታሳሪዎችን አሻራ የሚያስቀምጥ ቢሮ ነበር። ሟቹ ቀድሞ በስርቆት ያሳሰረው አገልጋይ የአሻራ ካርድም እዚያው አለ። ሲያስተያዩት የቀኝ አውራ ጣቱ ሆኖ ተገኘ! ፍርድ ቤቱ በስርቆቱ ቀጣው፣ በግድያው ግን ያየ ስለሌለ ነፃ አለው።

እዚህ የተጠረጠረ ሰው ነበር። አንድ ሌባ ተይዞ ስሙን ቢቀይርስ? ከሺዎች ካርድ መሃል የሱን እንዴት ታገኛለህ? አመዳደቡ የተፈጠረው ለዚህ ነው።

አሥሩ ጣቶች በአምስት ጥንድ ይከፈላሉ። የቀኝ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ዋጋቸው 16 ነው፣ ከዚያ 8፣ 4፣ 2፣ 1 እያለ ይወርዳል። የጣቱ መስመር እንደ አዙሪት የሚዞር ከሆነ ዋጋውን ያገኛል፣ ካልሆነ ዜሮ። ከየጥንዱ አንዱ ጣት ወደ ላይኛው ድምር፣ ሌላው ወደ ታችኛው ይሄዳል፤ በሁለቱም ላይ 1 ይጨመራል። አዙሪት ያለው ቀኝ አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ላይ ብቻ የሆነ ሰው 17 በ17 ይሆናል ማለት ነው። እያንዳንዱ ድምር ከ1 እስከ 32 ሊሆን ስለሚችል፣ 32 ጊዜ 32፣ በጠቅላላ 1,024 ክፍል። ፖሊሱ ስም አይጠይቅም ነበር፣ ቀጥ ብሎ ወደዚያ ክፍል ይሄድ ነበር። ሐሳቡ በጣም ያምራል።

ስሙ የቤንጋል ፖሊስ አዛዥ የነበረው የኤድዋርድ ሄንሪ ነው። እሱ ዘዴውን በ1901 ለንደን ስኮትላንድ ያርድ፣ ማለትም የከተማዋ ፖሊስ ዋና መሥሪያ ቤት፣ አስገባው፣ በ1903 ደግሞ የከተማዋ ፖሊስ ኮሚሽነር ሆነ። ሒሳቡን ቁጭ ብለው የሠሩት ግን አዚዙል ሃቅና ሄም ቻንድራ ቦስ የሚባሉ፣ ሥሩ የነበሩ ሁለት ሕንዳውያን ናቸው። ይሄ ያናድደኛል። ከብዙ ዓመት በኋላ የማዕረግ ስምና ለእያንዳንዳቸው 5,000 ሩፒ ተሰጣቸው፤ ዘዴው ግን እስከ ዛሬ የሚጠራው በሄንሪ ነው።