ስለ ሴኔጋል ትግል በስህተት የሚወሩ ነገሮች

ላምብ የሚባለው የሴኔጋል ትግል ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ በመጣ ቁጥር "ጠንቋዮች ቦክስ ሲጫወቱ" የሚል አይጠፋም፣ እስቲ እናጥራው።

"ቦክስ ነው" ለሚሉት፣ አይደለም፣ ትግል ነው። መንደር ውስጥ አዝመራ ከገባ በኋላ ጎረምሶች የሚገጥሙበት ነው፣ ቡጢ የለውም፣ ያሸነፈ በሬ ወይ እህል ይዞ ይገባል። ቡጢው የመጣው በፈረንጆቹ 1920ዎቹ ገደማ ፈረንሳዮች በሚገዙበት ጊዜ ዳካር ላይ በትኬት መታየት ሲጀምር ነው። ዛሬ ትልቁ ብር ያለው እዛው ቡጢው ጋ ነው፣ እሱም ጓንት የለም በባዶ እጅ።

"ጀርባው መሬት ካልነካ አልወደቀም።" ላምብ ላይ ሁለት እጅና ሁለት ጉልበት አንድ ላይ መሬት ከነኩ በቃ አለቀ፣ ስለዚ አንዱ በእንብርክኩ እንዳለ ዳኛው ሲያስቆም አድልዎ ምናምን አትበሉ።

"ከትግሉ በፊት ያለው ነገር ጊዜ ማባከን ነው።" እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ከበሮው እየተመታ ታጋዩ አጃቢዎቹን አስከትሎ ሜዳውን ይዞራል፣ እየጨፈረ ባክ የሚሉትን ያሰማል፣ እሱ ማለት እነ እከሌን ጥያለሁ እያሉ ራስን ማወደስ ነው፣ ፉከራ በሉት። ደሞ በየጠርሙሱ የተዘጋጀ ውሃ፣ ወተት፣ የቅጠል ጭማቂ ራሱ ላይ ያፈሳል። ይሄ ሁሉ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል፣ ግጥሚያው ግን አንዳንዴ በሰከንዶች ያልቃል፣ ህዝቡም የሚመጣው ለሁለቱም ነው።

"ጥንቆላ ነው፣ ሙስሊሞች አይደሉም እንዴ?" አዎ አብዛኛው ሙስሊም ነው፣ ክንድና ወገባቸው ላይ የሚያስሩት ክታብ ውስጥም ብዙ ጊዜ ያለው የቁርኣን ጥቅስ ነው፣ ማራቡ የሚባሉ የሃይማኖት ሰዎች ናቸው የሚጽፉላቸው። ክታብ ደሞ ለኛ አገር ሰው ብርቅ አይመስለኝም።

"ክታቡ የበረታ አይሸነፍም" የሚለውን እንኳን ተዉት፣ ተጋጣሚውም አስሯል እኮ። የኪኒ የሚባለው ታጋይ 15 ዓመት ገደማ ሳይሸነፍ ቆይቶ በፈረንጆቹ 2012 ሚያዝያ ላይ ባላ ጋዬ 2ኛ የሚባል ሌላ ታጋይ ጣለው።

"የወንድ ብቻ ነው" የሚሉም አሉ። ደቡብ ሴኔጋል፣ ካዛማንስ የሚባለው አካባቢ ውስጥ የጆላ ብሔረሰብ ሴቶች ይታገላሉ፣ ከዛው አካባቢ የወጣችው ኢዛቤል ሳምቡ በ2012 የለንደን ኦሎምፒክ በ48 ኪሎ ነፃ ትግል 5ኛ ወጥታለች።