ወደ አማካይ መመለስ ምንድን ነው?

«ልቀት ሁሉ ውሎ አድሮ ወደ መካከለኛነት ይወርዳል፤ ይህም በስታቲስቲክስ የተረጋገጠ ሕግ ነው» የሚል አስተያየት ደጋግሞ ያጋጥመኛል። አስተያየት ሰጪው የሚጠቅሰው ሕግ፣ ወደ አማካይ መመለስ የሚባለው፣ በእርግጥ አለ፤ የሚናገረው ግን ስለ መውረድ አይደለም።

እንግሊዛዊው ተመራማሪ ፍራንሲስ ጋልተን እ.ኤ.አ. በ1886 ባሳተመው ጥናት የ205 ጥንድ ወላጆችንና ያደጉ 928 ልጆቻቸውን ቁመት አነጻጸረ። የልጆቹ ቁመት ከአማካይ የሚርቀው በአማካይ የወላጆቻቸውን ርቀት ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ሆኖ አገኘው፤ ክስተቱንም ወደ መካከለኛነት መመለስ አለው።

ነገሩ መውረድ ቢሆን ኖሮ የሰዎች ቁመት ከትውልድ ወደ ትውልድ እየተቀራረበ ሄዶ ሁላችንም አንድ ልክ በሆንን ነበር። ከዚህ የሚበልጠው ማስረጃ ደግሞ ንጽጽሩን ሲገለብጡት የሚታየው ነው፤ በጣም ረጃጅም ልጆችን መርጠን ወላጆቻቸውን ብንለካ፣ ወላጆቹም በተራቸው ከልጆቹ ይልቅ ለአማካዩ የቀረቡ ሆነው ይገኛሉ። ወደ ኋላም ወደ ፊትም እኩል የሚሠራ ነገር እንዴት መበላሸት ይባላል?

ምክንያቱን ለማየት ነፋስ በሚነፍስበት ሜዳ ዒላማ የሚመቱ ብዙ ቀስተኞችን እናስብ። በመጀመሪያው ዙር የላቁትን ስንመርጥ፣ ክንዳቸው የበረታውን ብቻ ሳይሆን ነፋሱ የረዳቸውንም አብረን እንመርጣለን፤ በሁለተኛው ዙር ክንዱ ያው ነው፣ ነፋሱ ግን ሌላ ነው። ውጤታቸው በአማካይ የሚቀንሰው ስለሰነፉ ሳይሆን እኛ በቀናቸው ሰዓት ስለመረጥናቸው ነው። ነፋሱ ፈጽሞ ጸጥ ቢል መመለስ የሚባል ነገር አይኖርም፤ ሁሉን የሚወስነው ነፋሱ ብቻ ቢሆን ግን የመጀመሪያው ዙር አሸናፊ በሁለተኛው ከማንም አይለይም። በቁመት ረገድ ነፋሱ የመለኪያ ስህተት ብቻ አይደለም፤ ከወላጅ ወደ ልጅ ሳይተላለፍ የሚቀረው ተጽዕኖ ሁሉ ነው። የመመለሱን መጠን የሚወስነውም በሁለቱ ልኬቶች መካከል ያለው የተዛምዶ ጥንካሬ፣ ማለትም አንዱ ልኬት ሌላውን ምን ያህል እንደሚከተል ነው።

ስለዚህ አንድ ድንቅ ሥራ የሠራ ሰው ሁለተኛው ሥራው የመጀመሪያውን ያህል ስላልሆነ ብቻ «ተራ ሆነ» ብሎ መፍረድ በደል ነው። እውነተኛ መዳከም የለም ማለቴ አይደለም፤ እሱን ወደ አማካይ ከመመለስ ለመለየት ግን ማነጻጸሪያ ያስፈልጋል። ሕመማቸው በበረታበት ቀን ለመድኃኒት ሙከራ የተመረጡ ሕሙማን፣ መድኃኒቱ ምንም ባይሠራ እንኳ፣ በቀጣዩ ልኬት ተሽሏቸው ሊገኙ ይችላሉ፤ በዕጣ የተመደበ፣ መድኃኒቱን የማይወስድ ሌላ ቡድን ጎን ለጎን የሚያዘውም ስለዚህ ነው።