«ገዳዩን አሞገሰው» እና ሌሎች ስለ ቅጥር ነፍሰ ገዳይ ፊልሞች የሚነገሩ ስህተቶች

ስለ ቅጥር ነፍሰ ገዳዮች የተሠራ ጨለም ያለ፣ ነገር የሚቆሰቁስ ፊልም በወጣ ቁጥር የሚሰነዘረው አስተያየት ያው ነው። ግማሹ ስለ ጥይትና ደም፣ ግማሹ ስለ ሞራል። ፊልሙ ይቀየራል፤ ስህተቱ አይቀየርም። መውደድም መጥላትም የተመልካቹ መብት ነው። ያልታየውን አየሁ፣ ያልተባለውን ሰማሁ ማለት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከቀላሎቹ እንጀምር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

«ሳይለንሰር የተገጠመለት ሽጉጥ ድምፅ የለውም።»

አለው። ሳይለንሰር የሌለው ሽጉጥ ሲተኮስ ድምፁ ከ150 ዴሲቤል ያልፋል፤ ሳይለንሰሩ የሚቀንሰው ከ20 እስከ 35 ዴሲቤል ያህል ነው። የሚተርፈው ድምፅ በሚቀጥለው ክፍል የተኛን ሰው ለመቀስቀስ ከበቂ በላይ ነው። ያቺ «ፉት» የምትል ድምፅ ስቱዲዮ ውስጥ የተሠራች ናት።

«ጥይት የመታው ሰው ወደ ኋላ ይወረወራል።»

አይወረወርም። 8 ግራም የሚመዝን ጥይት በሰከንድ 360 ሜትር በርሮ 75 ኪሎ በሚመዝን ሰው ውስጥ ቢቀር፣ ሰውየውን የሚገፋው በሰከንድ 4 ሴንቲሜትር በማይሞላ ፍጥነት ነው። ግድግዳ ላይ ሲላተም የምታዩት ስታንተኛ (አደገኛውን ትዕይንት በተዋናዩ ፋንታ የሚሠራው ሰው) ከልብሱ ሥር ማሰሪያ ለብሶ በገመድ የተጎተተ ነው። የተመታው ሰው ባለበት ዝልፍልፍ ብሎ ሲወድቅ «ትወናው አይረባም» የሚሉ ተመልካቾች ልክ የሆነውን ነው የሚተቹት።

«ደሙ ጥቁር ነው፤ የውሸት መሆኑ ያስታውቃል።»

ደም ሲደርቅ ይጠቁራል። የውሸት መሆኑ የሚያስታውቀው ይልቁንም ደማቅ ቀይ ሲሆንና ከሩብ ሰዓት በኋላም እንደዚያው ሲያብረቀርቅ ነው። የፊልም ደም የተለመደው አሠራር ቀላል ነው፤ የበቆሎ ሽሮፕ፣ ጥቂት ውሃ፣ ቀይ የምግብ ቀለም፣ ሁለት ሦስት ጠብታ ሰማያዊ፣ ግማሽ ማንኪያ ኮኮዋ። ሰማያዊው ከቀረ መብራት ሲያርፍበት ወደ ሮዝ ይሄዳል። ኮኮዋው ከቀረ ብርሃን ያሳልፍና ጄሊ ይመስላል። ውሃው ከበዛ ከቆዳ ላይ ወዲያው ይንሸራተታል፤ ካነሰ ደግሞ ሸሚዙን ከተዋናዩ ደረት ጋር ያጣብቀዋል። ጥይቱ «የሚገባበት» ቦታ ላይ ከልብሱ ሥር ስኩዊብ የሚባል ትንሽ ፈንጂ፣ ከፊቱ የደም ከረጢት፣ ከኋላው ቆዳውን የሚከላከል ሳህን ይደረጋል። ጨርቁም ከውስጥ በኩል አስቀድሞ ይፋቃል፤ ካልተፋቀ ፈንጂው ፈንድቶ ልብሱ ሳይቀደድ ይቀራል፣ ደሙ በአንገትጌው ይወጣል፣ ቀረጻው ይደገማል። ለዚህም ነው ለአንድ ትዕይንት አንድ ዓይነት ሸሚዝ በብዛት የሚዘጋጀው።

«ለፊልም የሚተኮሰው ባሩድ ብቻ ስለሆነ አይጎዳም።»

ይገድላል። ተዋናዩ ጆን ኤሪክ ሄክሰም በ1984 በቀረጻ መሀል ሲቀልድ ባሩድ ብቻ ያለው ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ ጭንቅላቱ ላይ አስጠግቶ ተኩሶ ሞቷል። ሌላው ተዋናይ ብራንደን ሊ በ1993 የሞተው ቀደም ሲል በሽጉጡ አፈሙዝ ውስጥ ተቀርቅሮ የቀረ የጥይት ጫፍ በባሩዱ ኃይል ተገፍቶ ስለመታው ነው። የአፈሙዙ ብልጭታ በኮምፒውተር መጨመሩን «ርካሽ ሥራ» የምትሉ ይህን አስቡበት።

«በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ነው ብሎ ጽፏል እኮ!»

መጻፍ ይቻላል። በ1996 የወጣው ፋርጎ ሲከፈት «ይህ እውነተኛ ታሪክ ነው» ይላል፤ ታሪኩ ግን ልብ ወለድ ነው። በ1967ቱ የፈረንሳይ ፊልም ለ ሳሙራይ መግቢያ ላይ የሚታየው፣ ከሳሙራዮች የሥነ ምግባር መጽሐፍ ተወሰደ የተባለው ጥቅስም ዳይሬክተሩ ዣን ፒየር ሜልቪል ራሱ የጻፈው ነው። ማያው ላይ የሚነበበው ጽሑፍ የድርሰቱ አካል ነው።

«እውነተኛ ቅጥር ገዳይ እንዲህ አይዝረከረክም።»

ይህ የሚሰማው ገዳዮቹ ሞኛሞኝ፣ ገንዘብ የቸገራቸው፣ እርስ በርስ የሚነታረኩ ሲሆኑ ነው። ጓንት አጥልቆ፣ ቡናውን ያለ ስኳር ጠጥቶ፣ ጠመንጃውን ከቦርሳ አውጥቶ የሚገጣጥመው ዝምተኛ ሰውዬ የሲኒማ ፍጡር ነው። የበርሚንግሃም ሲቲ ዩኒቨርሲቲ የወንጀል ተመራማሪዎች በ2014 ባወጡት ጥናት ከ1974 እስከ 2013 በብሪታንያ የተፈጸሙ 27 የቅጥር ግድያዎችንና 36 ገዳዮችን መርምረዋል። አማካይ ክፍያው 15,180 ፓውንድ ነበር፤ ትንሹ 200 ፓውንድ። ከገዳዮቹ በዕድሜ ትንሹ የ15 ዓመት ልጅ ነው። ብዙዎቹ ሟቾች የተገደሉት የጨለማ ዓለም በሚባል ቦታ ሳይሆን በተራ የመኖሪያ ሰፈር፣ ገበያ ሲወጡ ወይም ውሻቸውን ሲያንሸራሽሩ ነው። የአውስትራሊያ የወንጀል ጥናት ተቋም በ2003 ያሳተመው ጥናት ደግሞ ከመነሻ ምክንያቶቹ ግንባር ቀደሙ የፈረሰ ትዳር ወይም ፍቅር መሆኑን አሳይቷል። ጥናቶቹ የሚያውቁት የተጋለጡትን ብቻ ነው ቢባል ልክ ነው። ቢሆንም በ200 ፓውንድ የተቀጠረ ወጠጤ አድራሻ ሲሳሳት የሚያሳይ ፊልም ሲመጣ «ከእውነታ የራቀ» የሚያስብል ነገር የለም።

«ፊልሙ ሁሉንም ነገር ፊት ለፊት አሳየ።»

በ1992ቱ ሬዘርቯር ዶግስ የፖሊሱ ጆሮ ሲቆረጥ አየሁ ብሎ የሚምል ሰው ብዙ ነው። ስለቱ ጆሮው ላይ ሲያርፍ ካሜራው ወደ ጎን ዞሮ ባዶ ግድግዳና በር ያሳያል፤ ከዘፈኑ ሌላ የሚሰማው ጩኸት ብቻ ነው። ቀሪውን የሞላው ተመልካቹ ነው። አጥንት ሲሰበር የሚሰማው ድምፅም ብዙ ጊዜ ማይክሮፎን አጠገብ የተሰበረ ሰለሪ የሚባል አትክልት ግንድ ነው። እንዲህ ዓይነት ክርክር ሲነሳ ትዕይንቱን መልሶ ድምፁን አጥፍቶ ማየት ይበቃል። ያለ ድምፅ ምን ያህል ትንሽ ነገር እንዳለ ያስደንቃል።

«ፊልሙ ገዳዩን ያሞግሳል።»

ይህች ናት አንጀት የምታሳርረው። ተዋናዩ መልከ መልካም ነው፣ ሱፉ ልክክ ብሎለታል፣ ቀልድም ያውቃል፤ ስለዚህ ፊልሙ «ግድያ ደግ ነው» ብሏል ይባላል። ማሳየትና ማጽደቅ እንደ አንድ ነገር ይቆጠራሉ፣ ክርክሩም እዚያው ይዘጋል።

ተመልካች ገዳዩን የሚከተለው ስለወደደው ብቻ አይደለም። አንድን ሰው ዕቅድ አውጥቶ፣ ችግር ገጥሞት፣ በጥንቃቄ ሲሠራ ካየን ሥራው ምንም ይሁን ምን ይሳካለት ማለት እንጀምራለን። ዳይሬክተሩ ሂችኮክ ይህን በ1960 በሳይኮ አሳይቷል። ኖርማን የሚባለው ገጸ ባሕሪ የተገደለችን ሴት መኪና ረግረግ ውስጥ ይገፋታል። መኪናዋ ግማሽ ድረስ ሰጥማ ቀጥ ትላለች። በዚያች ቅጽበት ተመልካቹ ትንፋሹን ውጦ «ስመጪ!» ይላል፤ ስትሰምጥ ደግሞ ይተነፍሳል። ዳይሬክተሩ የፈለገው ይህንኑ ነው፤ ከማን ጋር እንደወገንን ራሳችንን እንድንይዝ። ነገር ቆስቋሽ ፊልም የሚባለው ይህን የሚያደርግ ነው። ተመልካቹ ግን የተሰማውን ምቾት ማጣት ጠቅልሎ ዳይሬክተሩ ላይ ይወረውረዋል።

«ቢያንስ መጨረሻ ላይ መቀጣት ነበረበት» የሚለውም የተወረሰ ነው። የሆሊውድ ስቱዲዮዎች በ1930 ያወጡትና ከ1934 ጀምሮ አጥብቀው ያስፈጸሙት ደንብ የተመልካቹ ርኅራኄ ወደ ወንጀለኛው እንዳያዘነብል፣ የአገዳደል ዘዴም ለመኮረጅ በሚጋብዝ መንገድ እንዳይታይ ያዝ ነበር። በዚያን ዘመን ፊልሞች ገዳይ ሁሉ መጨረሻው ላይ የሚሞተው ወይም የሚታሰረው ከዚያ የተነሳ ነው። ደንቡ በ1968 ቀርቷል። ዛሬም ባልተቀጣ ገዳይ የሚናደድ ሰው የሚያስፈጽመው ይህንኑ የተሻረ ደንብ ነው።

የሚያሞግስ ፊልም የለም ማለት አይደለም፤ ሞልቷል። ለመለየት ግን ሱፉን ሳይሆን አንድ የግድያ ትዕይንት መርጦ ከተኩሱ በፊት ያለውን አንድ ደቂቃና ከተኩሱ በኋላ ያለውን ግማሽ ደቂቃ መመርመር ያስፈልጋል። መጀመሪያ ሟቹን ተመልከቱ፤ ስም አለው? ከመሞቱ በፊት ከመለመን ሌላ የተናገረው ነገር አለ? ከዚያ ሰዓት ያዙ። ከተኩሱ በኋላ ካሜራው ከሬሳው ጋር ስንት ሰከንድ ይቆያል? አንድ ሰከንድ ሳይሞላ ገዳዩ መነጽሩን ሲያደርግ ካሳየን፣ ሙዚቃውም በዚያችው ቅጽበት ከፍ ካለ፣ ያ ሙገሳ ነው። አሥርና አሥራ አምስት ሰከንድ ያለ ሙዚቃ ከቆየ፣ ገዳዩ አልነሳ ያለውን ሬሳ ሲጎትት ካላበውና እጅጌው ከቆሸሸ ግን ፊልሙ ሥራውን በሙሉ ክብደቱ እያሳየን ነው። በስሎው ሞሽን ብቻ አትፍረዱ፤ ለማስዋብም ለማስጨነቅም ያገለግላልና አብሮት ያለውን ድምፅ ስሙ። በአንድ ትዕይንትም አትፍረዱ፤ መጀመሪያ ላይ ግድያን አሳምሮ አሳይቶ ኋላ ላይ ሒሳቡን የሚያስከፍል ፊልም ብዙ ነው።

ይህን መለኪያ ይዞ የተነሳ ሰው የሚያገኘው ውጤት የተለመደውን ወቀሳ ይገለብጠዋል። ስም የለሽ ጠባቂዎች በደርዘን እየረገፉ፣ ማንም ሳይጮህ፣ ወለሉም ሳይቆሽሽ የሚያልቀው ፊልም «አዝናኝ» ተብሎ ከልጆች ጋር ይታያል። አንድ ሰው ብቻ የሚሞትበት፣ ሞቱ ግን የሚያምበት ፊልም «ዓመፅን ያወደሰ» ተብሎ ይከሰሳል።

በ2007 የወጣውን ኖ ካንትሪ ፎር ኦልድ ሜንን ውሰዱ። ሙዚቃ የለውም ማለት ይቻላል። ወደ መጨረሻው ገዳዩ አንዲትን ሴት ቤቷ ጠብቆ ያነጋግራታል፤ ከዚያ በረንዳ ላይ ወጥቶ የጫማውን ሶል አገላብጦ ያያል። ግድያው ይኸው ነው፤ ተኩስ የለም፣ ደም የለም፣ ገደላት የሚልም የለም። ጫማውን ለምን እንዳየ የሚያውቀው ቀደም ሲል ከደም ሲሸሽ ያስተዋለው ተመልካች ነው። ወዲያው መኪና ገጭቶት የክንዱ አጥንት ቆዳውን ሰብሮ ይወጣል፣ እሱም ሸሚዝ ገዝቶ ክንዱን አስሮ ይሄዳል። «ሳይቀጣው ለቀቀው» ይባላል። ያሞገሰበት ቦታ የት ነው ሲባል ግን ጣት የሚያሳርፍ የለም። ሁለት የቤልጂየም የአእምሮ ሐኪሞች 400 ፊልሞችን አይተው በ2014 ባሳተሙት ጥናት ይህን ገጸ ባሕሪ ከእውነተኛ ሳይኮፓት (ርኅራኄም ጸጸትም ከማይሰማው ሰው) ጋር በጣም ከሚመሳሰሉት አንዱ አድርገውታል። ሐኪሞቹ ያዩትን ምልክት ተመልካቹ «ጀግና አደረጉት» ብሎ አነበበው።

«ኤንሲ 17 የተሰጠው መንግሥት ስላገደው ነው።»

የአሜሪካው የዕድሜ ደረጃ የመንግሥት አይደለም፤ የስቱዲዮዎቹ ማኅበር የሚሰጠው ነው። ኤንሲ 17 በ1990 ኤክስ የሚባለውን ደረጃ ተክቶ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ 17 ዓመትና ከዚያ በታች የሆነ አይገባም ነው። ጉዳቱ ገንዘብ ላይ ነው፤ ብዙ ሲኒማ ቤቶች እንዲህ ያለውን ፊልም አይቀበሉም። በቅጥር ስለሚገድል አንድ ፖሊስ የሚተርከው ኪለር ጆ ይህ ደረጃ ሲሰጠው ዳይሬክተሩ ዊልያም ፍሪድኪን ለሲኒማ ቤት አልቆርጥም ብሎ በ2012 እንዳለ አሳይቶታል። ደረጃው ስለ ጥራት አንዳች አይናገርም፤ በበጎም በክፉም።

«ምንም አይታይም፤ ቀረጻው መጥፎ ነው።»

አንዳንዴ እውነት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የቴሌቪዥኑ ነው። የምስል ምርጫውን ከ«ቪቪድ» ወደ «ሲኒማ» ወይም «ፊልም ሜከር» ቀይሩ። ኃይል ቆጣቢውንና ለክፍሉ ብርሃን እየተቀያየረ የሚያደበዝዘውን አጥፉ። እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰውን አማራጭም አጥፉ፤ ፊልሙን ቀጥታ ሥርጭት የሚያስመስለው እሱ ነው። ከዚያ የሌሊት ትዕይንት ላይ አቁሙና ከላይና ከታች ያሉት ጥቁር መስመሮች ግራጫ እስኪሆኑ ብራይትነሱን ጨምሩ፤ ግራጫ ሲሆኑ አንድ ሁለት ደረጃ መልሱት። በኤችዲኤምአይ የሚገናኝ ዕቃ ካለ የቀለም ክልሉ በሁለቱም ላይ አንድ መሆን አለበት። ዕቃው «ፉል» እየላከ ቴሌቪዥኑ «ሊሚትድ» ከጠበቀ ጥላ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ ድፍን ጥቁር ይወድቃል፤ በተቃራኒው ከሆነ ጥቁሩ አመድ ይመስላል። ጨለማው ውስጥ አራት ማዕዘን እድፍ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ኢንተርኔቱ ስለደከመ የምስሉ ጥራት ወርዷል፤ ያን ቅንብር አያድነውም፣ አውርዶ ማየት ይሻላል። መብራት ካስፈለገ ከቴሌቪዥኑ ኋላ አድርጉት። ይህ ሁሉ ተደርጎም የገዳዩ ፊት ካልታየ፣ ያኔ ዳይሬክተሩን ውቀሱ።