«ኳሷን እቀዳታለሁ!»፦ ስለ ግቢ ኳስ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ፋሲካ ሊደርስ ሰሞን ነው። የምንኖረው ጎንደር፣ ከፒያሳ ወረድ ብሎ ባለ የቀበሌ ቤት ግቢ ውስጥ ነው፤ ስድስት አባወራ እንጋራዋለን። አንድ ቧንቧ፣ አንድ የልብስ ማስጫ ገመድ፣ መሀል ላይ ደግሞ መኪና የማታዞር ባዶ ቦታ አለች። ጎረቤታችን ለበዓሉ ጠላ የሚሆን ብቅል ሰሌን ላይ አስጥተዋል። ልጆቹ በወዲያኛው ጥግ ኳስ ይዘዋል። የተፈራው ደረሰ። ኳሷ ብቅሉ መሀል አረፈች፣ ብቅሉ ተበተነ፣ ዶሮዎቹ ከየት መጡ ሳይባል ደረሱ።

«እትዬ፣ ኳሳችንን ያቀብሉን» አለ አንዱ ልጅ፣ ድምፁን አሳንሶ።

«ና ውሰዳ! ብቅሌን አንድ በአንድ ለቅመህ ስትጨርስ! ሁለተኛ ከመጣች ግን እቀዳታለሁ!»

የልጁ እናት ወጣች። ከዚያ በኋላ ስለ ኳስ ያወራ ሰው የለም። ማታ ላይ ጠቡ ካቻምና ሳይከፈል የቀረ የውሃ ሂሳብ ሆኖ አረፈው።

በዚያ ሰሞን ከሁለቱም ወገን የሰማሁትን ልብ ብዬ ያዝኩ። አብዛኛው ሁላችንም የምንለው ነው፤ አብዛኛው ደግሞ ልክ አይደለም።

«ግቢው መኖሪያ እንጂ ሜዳ አይደለም»

ይህን የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ «ግቢው የኔ ነው» ማለቱ ነው። የጋራ ግቢ ግን የማንም ብቻውን አይደለም። በኮንዶሚኒየም ነገሩ ግልጽ ነው። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ከየቤቱ ውጭ ያለው ደረጃ፣ ኮሪደርና ግቢ የጋራ ነው፤ የሚያስተዳድረውም የቤት ባለቤቶች ማኅበር ነው። ጨዋታ በዚህ ሰዓት ይሁን፣ በዚያ ጥግ አይሁን ማለት የሚቻለው በማኅበሩ ደንብ ነው። ምድር ቤት የሚኖር አንድ ሰው በመስኮት ብቅ ብሎ ስለጮኸ ሕግ ወጣ አይባልም። እንደኛ ባለው የቀበሌ ቤት ደግሞ ሁላችንም ተከራዮች ነን። ቀድሞ የገባ ሰው አለ እንጂ የግቢ ጌታ የለም።

ልጆቹም ቢሆኑ ባዶ እጃቸውን አይደሉም። በ1989 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በ31ኛው አንቀጹ የልጅን የማረፍና የመጫወት መብት ይደነግጋል። ኢትዮጵያ በ1991 እ.ኤ.አ. ተቀብላዋለች፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ደግሞ አገሪቱ ያጸደቀችው ስምምነት የሕጓ አካል ነው። ታዲያ ወላጆችም አትዝለሉ። አንቀጹ ይጫወቱ ይላል እንጂ በሰው መስኮት ሥር ይጫወቱ አይልም።

«ሜዳ ሞልቷል፣ እዚያ ይሂዱ»

የ14 ዓመት ልጅ ይሂድ። የ6 ዓመቱስ? ጎንደር ዳገትና ቁልቁለት ናት። ከግቢያችን በር ያመለጠች ኳስ አስፋልት ሳትደርስ አትቆምም፤ አስፋልቱን ደግሞ ባጃጅ ሞልቶታል። ልጅ ኳሱን ሲከተል ግራ ቀኙን አያይም። ስለዚህ «ሜዳ ሂድ» የሚለው ምክር ለትንሹ ልጅ «መንገድ ውጣ» ማለት ነው።

እኔ የታዘብኩትን ልናገር። መስታወት የሚሰብረው የትንሾቹ ጨዋታ አይደለም። ጎረምሶቹ ገብተው መጠለዝ ሲጀምሩ ነው የሚሰበረው። ትልልቆቹን ወደ ሜዳ፣ ትንንሾቹን ግቢ ብትለዩአቸው የጠቡ ግማሽ አብሮ ይወጣል።

«ቤቴ የገባች ኳስ የኔ ናት»

አይደለችም። ኳስ አጥር ስለዘለለች ባለቤቷ አይቀየርም። አስቀርቶ መያዝም ሆነ በቢላ መቅደድ የሰው ንብረት መውሰድና ማበላሸት ነው፤ «ደጋግሜ አስጠንቅቄ ነበር» ማለት ይህን አይለውጠውም። በሌላ በኩል ልጅም ሳያስፈቅድ አጥር ዘሎ የሰው ቤት የመግባት መብት የለውም። በር ማንኳኳት፣ «እትዬ፣ ኳስ ገብታብን ነው» ማለት፣ መጠበቅ። በቃ።

«ልጅ ነው፣ ምን ይደረጋል?»

ይህ የወላጆች ስህተት ነው፤ ከሁሉም የከፋውም ይመስለኛል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2124 አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ለሚያመጣው ኃላፊነት አባትን ተጠያቂ ያደርጋል። ልጁ በእናት ወይም በሌላ አሳዳጊ እጅ ከሆነ ኃላፊነቱ ወደዚያ ይዞራል። ስለዚህ መስታወት ሲሰበር «ልጅ ነው» የሚለው መልስ የነገሩ መጀመሪያ ነው፤ ቀጥሎ የሚጠየቀው «የማን ልጅ ነው?» ነው።

ልጆች የራሳቸው ሕግ አላቸው፦ የጠለዘ ያመጣል። ትልልቆቹ ለመክፈሉም በዚያው ሕግ እንመራ ብንል ግን ሁልጊዜ አያዋጣም። በግቢያችን አንዴ የሽንት ቤት መስታወት ሲሰበር የተጫወቱት ልጆች ወላጆች ሁሉ አዋጥተው ከፈሉ። አንድ ቤት ብቻውን ቢከፍል ኖሮ ልጁ ኳስ ይከለከል ነበር፣ ቂሙም ይቀር ነበር። ባለ መስታወቱ ሲዋጣ አይቶ ራሱም ጨመረበት። ባይጨምር ማንም አያስገድደውም ነበር።

«የሰፈር ልጅ የሁሉም ልጅ ነው፣ ብቆነጥጠውስ?»

እኛ በዚህ አድገናል። ጎረቤት ይገርፈናል፣ ቤት ስንደርስ «ምን አድርገህ ነው?» ተብለን ይደገማል። ዛሬ በዚህ የሚመካ ሰው ግን ራሱን ችግር ውስጥ ይከታል። የወንጀል ሕጉ ልጅን በአግባቡ ማረምን የሚተወው ለወላጅና እንደ ወላጅ ኃላፊነት ላለበት ሰው ነው። በብቅል የተናደደ ጎረቤት እዚያ ውስጥ የለም። ጆሮ መቆንጠጥ የኳስን ጉዳይ ወደ ክስ የሚወስድ አጭር መንገድ ነው፤ ያን ጊዜ ተበዳይ የነበረው ሰው ተከሳሽ ሆኖ ይቀርባል።

«ፖሊስ ይጠራላቸዋ!»

ምን እንዲያደርግ? በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ያለውም የሚታየው ለወጣት አጥፊዎች በተለየ ሥርዓት ነው። ለኳስ ይህን ሁሉ መንገድ ከመሄድ የግቢውን ሰው ቡና ላይ ሰብስቦ መነጋገር ይቀላል።

«በኳስ የሚያስቸግሩት ወንዶቹ ናቸው»

ብቅሉን የበተነችው «ያቀብሉን» ያለው ልጅ የዘጠኝ ዓመት እህት ናት። ወንድሟ ሊለምን ሲሄድ እሷ ከቧንቧው ጀርባ ተደብቃ ነበር።

«በድምፅ የሚማረር ሰው ነገረኛ ነው»

በግቢያችን አንድ ጋሼ አሉ። ሌሊት ጥበቃ ያድራሉ፣ ቀን ይተኛሉ። ልጆቹ «ጋሼ ኳስ አይወዱም» ይላሉ። ሐሰት ነው። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲወስድ ከግቢው ሰው ሁሉ በላይ የጮሁት እሳቸው ናቸው። የማይወዱት እንቅልፍ ማጣትን ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉም በአንቀጽ 1225 ጭስ፣ መጥፎ ሽታና ድምፅ ከመልካም ጉርብትና አልፎ ጎረቤትን እንዳያውክ ይላል። ድምፅ ሁሉ ክልክል ነው ማለት አይደለም፤ የሚማረር ሁሉ ነገረኛ ነው ማለትም አይደለም።

አንድ ቀን አጠገባቸው ተቀምጬ አዳመጥኩ። የሚረብሸው የልጆቹ ጩኸት አልነበረም። ልጆቹ ጎል ያደረጉት የላሜራውን በር ነው። ኳስ በመታችው ቁጥር «ድው!» ይላል፣ ግድግዳው ይቀበለዋል፣ የጋሼ አልጋ ደግሞ ከዚያ ግድግዳ ጋር ተጠግቷል። ጎሉን ወደ ወዲያኛው ጥግ ወስደን በሁለት ድንጋይ ተካነው። ጨዋታው ያው፣ ጩኸቱ ያው፤ «ድው!» ብቻ ቀረ። ጋሼ ከዚያ ወዲህ አልተናገሩም። ጎል ገባ አልገባ የሚለው ክርክር በርትቷል፤ በድንጋይ መሀል ስትገባ ማን በእርግጠኝነት ያያል?

«ድሮ ጎረቤት በጨዋታ አይቆጣም ነበር»

ይህን የሚሉኝ ሰዎች ማስረጃ አድርገው የሚጠቅሱት «በገና ጨዋታ አይቆጣም ጌታ» የሚለውን ነው። ገና ታኅሣሥ 29 ሲደርስ በቆልማማ ዱላ ሩር የምትባለውን ኳስ እያሯሯጡ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። ጌታና ሎሌ አንድ ሜዳ ላይ ይገናኛሉ፤ ጌታ በሎሌው ዱላ ቢነካ አይቀየምም።

እስቲ አባባሉን መለስ ብላችሁ አንብቡት። ጌታ የማይቆጣው በገና ጨዋታ ነው። በሌላው ቀንስ? አመቱን ሙሉ የማይቆጣ ቢሆን ኖሮ ለአንድ ቀን ተብሎ አባባል ባላስፈለገው። ድሮም ይቆጡ ነበር። ልዩነቱ መቼና የት መቆጣት እንደሌለባቸው አስቀድመው መስማማታቸው ነው። ደግሞም ገና ሰፊ ሜዳ ላይ ነው። በኛ ግቢ ሩር ቢመታ ከስድስቱ አንዱ ቤት ይገባል።

እኛም የደረስንበት ይኸው ስምምነት ነው። ኳስ ከ10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት፤ ስጥ ያለበት ቀን ከሰሌኑ ወዲያ ብቻ፤ ብቅል ለሚያሰጣ ሰው ደግሞ አንድ ልጅ ዶሮ ይጠብቃል። የውሃ ሂሳቡንም በዚያው ጨረስነው፤ ሳይነሳ ቢቀር ኖሮ ኳሷ ላይ ተመልሶ ይመጣ ነበር።

ኳሷ የምታድረው እትዬ ቤት ነው። ራሳቸው ናቸው «እኔ ጋ ትሁን» ያሉት። ልጆቹ ከትምህርት ቤት እንደተመለሱ በራቸው ላይ ይሰለፋሉ። እትዬ ሰዓታቸውን አየት ያደርጉና «ገና አምስት ደቂቃ ይቀራል» ይላሉ።