«ወባን ለምደነዋል» እና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

«እኛ ወባን ለምደነዋል፤ ምንም አያደርገንም።» ጤና ተቋም ውስጥ ለሚሠራ ሰው ይህን መስማት ያደክማል። የሚሉት ደግሞ ብዙ ጊዜ ትኩሳት ይዟቸው የመጡ ሰዎች ናቸው፤ ወይም የታመመ ልጅ ታቅፈው የመጡ። እዚህ ላይ መቆየት ስለምፈልግ ትንንሾቹን ስህተቶች ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው።

ወባ በሳል፣ በመጨባበጥ ወይም አብሮ በመብላት አይተላለፍም። የምታስተላልፈው አኖፊለስ የምትባለው ትንኝ ናት፤ እሷም ሴቷ ብቻ። ወንዱ ደም አይመጥም።

ያልበሰለ ፍራፍሬ ወባ አያመጣም። ፍራፍሬው የሚደርስበትና ትንኝ የሚፈላበት ወቅት ስለሚገጣጠም ነው ሰው የሚያያይዛቸው። ነጭ ሽንኩርትና አልኮልም ወባን አያድኑም።

«ወባ የገጠር በሽታ ነው» የሚለውም አይሠራም። አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባለው የእስያ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ ውስጥ ተገኝታለች። ከዚያ ወዲህ በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ታይታለች። ይህች ትንኝ ከተማ መሃል በውሃ በርሜልና ታንከር ውስጥ ትራባለች። በርሜላችሁን ክደኑ።

አሁን ወደ ዋናው። «ለምደነዋል» የሚሉ ሰዎች ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ለማስረዳት የሚያስቸግረውም ለዚህ ነው። ወባ በሚበዛበት አካባቢ ያደገ ሰው ደጋግሞ ሲያዝ ሰውነቱ ከፊል መከላከያ ያበጃል። ይህ መከላከያ ሕመሙን ያለዝበዋል እንጂ የወባውን ተህዋስ (ፓራሳይቱን) ጠርጎ አያወጣውም። ሰውየው ወባውን ደሙ ውስጥ ይዞ ሥራውን ይሠራል።

ለሌላ ጉዳይ የመጣ ሰው ደሙ ማይክሮስኮፕ ሥር ሲታይ፣ ቀይ የደም ሴሎቹ ውስጥ ቀለበት የሚመስሉት ትንንሽ ፓራሳይቶች ሲገኙ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። «እኔ እኮ ደህና ነኝ» ይላል። ሄሞግሎቢኑ፣ ማለትም በደሙ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር፣ ሲለካ ግን ወርዷል። ዳገት ሲወጣ ልቡ የሚመታው፣ ከሰዓት በኋላ ጉልበት የሚከዳው በዕድሜ እየመሰለው ኖሯል። ተህዋሱ ቀይ የደም ሴል ውስጥ እየተራባ ሴሉን እያፈነዳ ነው የሚወጣው። ለዓመታት እንዲህ ሲቀጥል ደም ያንሳል፣ ጣፊያም ያብጣል። በዚያ ላይ ከእሱ ደም የመጠጠች ትንኝ፣ ተህዋሱ ሰውነቷ ውስጥ አድጎ ሲጨርስ፣ አጠገቡ የሚተኙትን ልጆቹን ትነድፋለች። እነሱ ደግሞ አልለመዱትም።

ልጆች የሚለምዱበት ጊዜ አላገኙም። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ 597,000 ሰዎች በወባ ሞተዋል። ከመቶ 95ቱ የአፍሪካ ቀጣና ሰዎች ናቸው። እዚያ ከሞቱት አራት ሰዎች ሦስቱ ገደማ ደግሞ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። ወባ የተለመደበት አካባቢ ማለት እንግዲህ ሕፃናት የሚሞቱበት አካባቢ ማለት ነው።

አንድ አባት ሴት ልጁን ይዞ መጣ። «ትናንት ትንሽ አተኩሷት ነበር፤ እኛ ቤት የተለመደ ነው» አለኝ። የዓይኗን የታችኛውን ቆብ ገልበጥ ሳደርገው ቀይ የሚባል ነገር የለም። መዳፏ እንደ ወረቀት ነጥቷል፤ ትንፋሿም ይቆራረጣል። ደም ተሰጣት፣ አርቴሱኔት የሚባለው የከባድ ወባ መድኃኒት በደም ሥሯ ተጀመረላት፣ ተረፈች። አባትየው ግዴለሽ አልነበረም፤ ልጁን ይወዳል። የራሱን ወባ አይቶ ነው የእሷን የገመተው። ፋልሲፓረም የሚባለው ዓይነት ግን በ24 ሰዓት ውስጥ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። ወባው ጭንቅላታቸው ውስጥ ገብቶ ከተረፉት ልጆች መካከልም በኋላ የሚጥል በሽታ ወይም የትምህርት መቀበል ችግር የሚገጥማቸው አሉ። ስለዚህ ልጅ ሲያተኩሰው «እስከ ነገ እንየው» አይባልም። የሚያንቀጠቅጠው፣ የሚደነዝዘው፣ መጥባት ወይም መጠጣት የሚያቅተው፣ የወሰደውን ሁሉ የሚያስመልሰው ወይም ሽንቱ የጠቆረ ልጅ ካለ ሌሊትም ቢሆን ይዛችሁት ውጡ።

እርጉዝ ሴትም አለች። ዕድሜዋን ሙሉ ወባማ አካባቢ ኖራ፣ ከፊል መከላከያ ቢኖራትም፣ ስታረግዝ ነገሩ ይለወጣል። ተህዋሱ የእንግዴ ልጁ ውስጥ ይከማቻል። ይህ ለሰውነቷ አዲስ ስለሆነ በተለይ የመጀመሪያ እርግዝና ላይ ይከፋል። እናትየው ምንም ላይሰማት ይችላል፤ ከጣቷ የተወሰደው ደምም ንጹሕ ሊመስል ይችላል። ልጁ ግን ክብደቱ አንሶ ወይም ሞቶ ሊወለድ ይችላል። በብዙ የአፍሪካ አገሮች ከሦስተኛው ወር በኋላ ለነፍሰ ጡሮች የመከላከያ ክኒን የሚሰጠው ለዚህ ነው። «አላመመኝም» ብላችሁ አትመልሱት።

ከሕፃናትና ከእርጉዞች ቀጥሎ «ለምደነዋል» የማያድነው ሦስተኛው ከአካባቢው ርቆ የኖረ ሰው ነው። መከላከያው የሚቆየው ተህዋሱ ደጋግሞ ሲነካን ነው። ወባ የሌለበት ቦታ ዓመታት ከኖራችሁ ይደክማል። «የተወለድኩበት ነው፣ አይዘኝም» ብሎ ለዘመድ ጥየቃ ሄዶ፣ ሲመለስ ራሱን ስቶ የመጣ ሰው አውቃለሁ። ከመሄዳችሁ በፊት ስለ መከላከያ መድኃኒት ጠይቁ። ውጭ የተወለዱት ልጆቻችሁ ደግሞ ቀድሞም ምንም የላቸውም።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ አባባል አለ፦ «ወባ አንዴ ከገባ አይወጣም፤ እየተነሳ ይኖራል።» ይወጣል። የሚነሳው በዋናነት ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ነው። ጉበት ውስጥ ተደብቆ ይተኛና ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይነቃል። ደም ውስጥ ያለውን የሚገድለው መድኃኒት ጉበት ውስጥ የተኛውን አይነካውም። ለዚያ ፕሪማኩዊን የሚባል መድኃኒት አለ። ለነፍሰ ጡርና ጂ6ፒዲ የሚባል ኢንዛይም ለሚያንሰው ሰው አደገኛ ስለሆነ ያለ ሐኪም አይወሰድም። ወባችሁ የሚመላለስ ከሆነ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ጠይቁ።

«ትኩሳቱ ስለለቀቀኝ መድኃኒቱን አቆምኩ» የሚለውም ያናድደኛል። ኮአርተም የሚባለው የወባ ክኒን በሦስት ቀን ስድስት ጊዜ ነው የሚወሰደው። ሁለተኛው የሚወሰደው ከመጀመሪያው 8 ሰዓት ቆይቶ ነው። ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲሆን ሰውነት በደንብ ይቀበለዋል። ትኩሳቱ የሚለቀው ተህዋሱ ሲቀንስ እንጂ ሲያልቅ አይደለም። ግማሹን ለሌላ ጊዜ ወይም ለልጅ ማስቀመጥ ሁለቱንም ሳያድን ይቀራል።

ክትባቱ መጥቷልና አጎበር ይቅር የሚሉም ሰምቻለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 እና በ2023 ሁለት ክትባቶችን መክሯል። ሁለቱም ለሕፃናት ናቸው፤ ሕመሙን ይቀንሳሉ እንጂ ሙሉ በሙሉ አያስቀሩትም። የተከተበ ልጅም አጎበር ውስጥ ይተኛ።

መድኃኒቱን በትክክል ጨርሳችሁ፣ ደህና ሆናችሁ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ በፈጣኑ መመርመሪያ «ወባ አለ» ብትባሉ አትደንግጡ። ብዙዎቹ መመርመሪያዎች የሚያዩት ተህዋሱ የተወውን ፕሮቲን ነው፤ እሱ ደግሞ ደም ውስጥ ለሳምንታት ይቆያል። ትኩሳት ተመልሶባችሁ ከሆነ ግን በማይክሮስኮፕ ይታይልኝ በሉ።