ሕዝብ የሚሰበሰብበት ዝግጅት፦ ስለ አደጋና ተጠያቂነት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኮንሰርት ይሁን ባዛር፣ የገቢ ማሰባሰቢያ እራት ይሁን የሠፈር ዋንጫ ፍጻሜ፣ በአዘጋጅ ኮሚቴ ስብሰባ ላይ የደህንነት ጉዳይ ሲነሳ የሚሰጡት መልሶች ተመሳሳይ ናቸው። «ፈቃድ አለን»፣ «ፖሊስ ይኖራል»፣ «ትኬቱ ላይ ጽፈናል»። እነዚህ መልሶች ስብሰባውን ያሳጥሩ እንጂ አደጋውንም ክሱንም አያስቀሩም።

«ፈቃድ ከተሰጠን ተጠያቂው ፈቃድ የሰጠው አካል ነው»

እዚህ ላይ ሁለት ስህተት አለ። የመጀመሪያው ሁሉም ስብሰባ በአንድ ሕግ የሚተዳደር መምሰሉ ነው። አዋጅ ቁጥር 3/1983 የሚመለከተው ሰላማዊ ሰልፍንና ሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባን ነው። አዘጋጁ ዓላማውን፣ ቦታውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ገልጾ ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ያሳውቃል። የከተማው አስተዳደር ቦታው ወይም ጊዜው ይለወጥ የሚል ከሆነ ማስታወቂያው በደረሰው በ12 ሰዓት ውስጥ ምክንያቱን በጽሑፍ መስጠት አለበት። አዋጁ የሚጠይቀው ማሳወቅን ቢሆንም በየቢሮው የሚነገረው «ፈቃድ» ነው፤ ስለዚህ ደብዳቤ ሲገባ ቀንና ሰዓት ያለበት የ«ደርሷል» ማኅተም ቅጂው ላይ ማስመታት አይዘንጋ። ኮንሰርትና ባዛር በዚህ አዋጅ ሥር አይወድቁም። የከተማው መሥሪያ ቤቶች፣ ፖሊስና የቦታው ባለቤት የየራሳቸው መጠይቅ አላቸው።

ሁለተኛው ስህተት ይብሳል። የትኛውም ደብዳቤ ኃላፊነትን ከአዘጋጁ ትከሻ አያወርድም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2028 በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ይካስ ይላል፤ ጥፋት ደግሞ ሆን ተብሎ የሚሠራው ብቻ ሳይሆን ቸልተኝነትም ነው። በአንቀጽ 2035 መሠረት ግልጽ የሕግ ድንጋጌን መጣስ በራሱ ጥፋት ነው፤ ሕጉን አላውቅም ነበር ማለትም አያድንም። ደብዳቤው «ከ1,000 ሰው በላይ እንዳይገባ» ብሎ 1,600 ሰው ከገባ፣ ያ ደብዳቤ የሚመሰክረው በአዘጋጁ ላይ ነው።

የወንጀሉ ጎን ብዙ ጊዜ ይረሳል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደል ያስቀጣል። የሞቱት ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆኑ፣ ወይም ግልጽ የሆነ ደንብ ሆን ተብሎ ከተጣሰ፣ ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። በሕዝብ ስብሰባ ላይ የሚደርስ አደጋ ደግሞ ከአንድ ሰው በላይ ሊገድል ይችላል።

«ትኬቱ ጀርባ ላይ ‹ለሚደርስ ጉዳት ተጠያቂ አይደለንም› ብለናል»

አያዋጣም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2147 ሰው በራሱ ጥፋት ለሚያደርሰው ጉዳት ከተጠያቂነት ነፃ ነኝ ብሎ አስቀድሞ እንዲዋዋል አይፈቅድለትም። ወላጆችን አስፈርሞ ልጆችን ማስሮጥም እንደዚሁ ነው። ፊርማው የሚጠቅመው ተሳታፊው አደጋውን አውቆ መግባቱን ለማሳየት ነው፤ ተጎጂው ራሱም አጥፍቶ ከሆነ ካሣው ሊቀነስ ይችላል። የላላ ሽቦ ወይም የተቆለፈ በር ግን የተጎጂው ጥፋት አይደለም።

«መድረኩን የሠራው ሌላ ነው፣ እሱ ይጠየቅ»

ይህ በከፊል እውነት አለው፣ ችግሩም እሱ ነው። አንቀጽ 2134 በአሠሪው ሥልጣን ሥር ሳይሆን ነፃነቱን ጠብቆ የሚሠራ ተቋራጭ ለሚያጠፋው አሠሪው እንደማይጠየቅ ይደነግጋል። ይህ ግን የተቋራጩን ጥፋት ብቻ ነው የሚሸፍነው። ብቃቱን ሳይጠይቅ በዋጋ ብቻ የመረጠ፣ ሥራውን ሳያስመረምር ሕዝብ ያወጣበት፣ ወይም «እግሩን አቅልለው፣ ቦታ ይይዛል» ብሎ ያዘዘ አዘጋጅ የሚጠየቀው በራሱ ጥፋት ነው። ለአንድ ጉዳት ብዙ ሰዎች ተጠያቂ ሲሆኑ ደግሞ አንቀጽ 2155 በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ ያደርጋቸዋል። ተጎጂው ሙሉውን ካሣ ገንዘብ ካለው ሰው ይጠይቃል፤ እሱም ከፍሎ ሲያበቃ ሌሎቹን ያሳድዳል። ድንኳንና መድረክ አከራዩ ስልኩን ካጠፋ የሚገኘው ስሙ ፖስተር ላይ የወጣው አዘጋጅ ነው።

ጥር 11 ቀን 2012 በጎንደር፣ በፋሲለደስ መዋኛ ለጥምቀት የተሰበሰበ ሕዝብ የተቀመጠበት የእንጨት መደርደሪያ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞተዋል። ጊዜያዊ መቀመጫ የሚወድቀው ብዙውን ጊዜ እንጨቱ ስለሳሳ አይደለም። ወደ ጎን የሚይዘው ማገር ስለሌለው ነው። ቋሚዎቹ ወደ ታች የሚወርድ ክብደትን ይችላሉ። ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ተነስቶ ሲዘል ወይም ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል የሚመጣው የጎን ግፊት ነው፤ ይህን የሚሸከመው በሰያፍ የታሰረ ማገር ብቻ ነው። ስለዚህ ከርክክብ በፊት ሦስት ነገር ይታይ። በሁለቱም አቅጣጫ፣ በርዝመቱም በወርዱም፣ ሰያፍ ማገር አለ? የቋሚዎቹ እግር በሳንቃ ወይም በብረት ሰሌዳ ላይ አርፏል ወይስ በቀጥታ ጭቃ ላይ? ማያያዣው ብሎንና ክላምፕ ነው ወይስ ምስማር ብቻ? ሕዝብ የሚቆምበት ወለል በግንባታ ደረጃዎች በካሬ ሜትር 500 ኪሎ ገደማ እንዲችል ነው የሚሰላው። ይህን ቁጥር ሲጠየቅ ፈገግ የሚል ሠሪ መድረክ አይሥራ። የመሐንዲስ ፊርማ ያለበት የርክክብ ወረቀት ሕዝብ ከመግባቱ በፊት ይያዝ፤ ሌሊት ዝናብ ከዘነበ ደግሞ ጠዋት ላይ እግሮቹ እንደገና ይታዩ።

«አዳራሹ 2,000 ሰው ይይዛል»

ስንት ሰው ይገባል የሚለውን የሚወስነው ወለሉ ሳይሆን በሩ ነው። ብዙ ገንዘብም ብዙ ሕይወትም የሚጠፋው እዚህ ላይ ስለሆነ በቁጥር እንየው።

20 በ30 ሜትር የሆነ አዳራሽ 600 ካሬ ሜትር ነው። መድረኩ፣ የሳውንድ ጠረጴዛውና የመጠጥ መሸጫው 150 ቢወስዱ 450 ይቀራል። በካሬ ሜትር 4 ሰው ቢቆም 1,800 ሰው ይሆናል፤ «2,000 ይይዛል» የሚባለው ከዚህ ነው። አሁን በሮቹን እንለካ። እያንዳንዳቸው 1.6 ሜትር የሆኑ ሁለት በሮች አሉ እንበል። በብሪታኒያ የስታዲየም ደህንነት መመሪያ በአንድ ሜትር ስፋት በደቂቃ 82 ሰው በደልዳላ መሬት፣ 66 ሰው ደግሞ በደረጃ ይወጣል ተብሎ ይሰላል። እሳት አንዱን በር ይዘጋል ብሎ ማሰብ ግድ ነው። በቀረው በር በደቂቃ 131 ሰው ይወጣል። የእሳት ሥጋቱ ዝቅተኛ በሆነ ገላጣ ቦታ እስከ 8 ደቂቃ ይፈቀዳል፤ በዚህ ስሌት 1,050 ሰው ይወጣል። በጨርቅ ዲኮር፣ በመጋረጃና በስፖንጅ የተሸፈነ አዳራሽ ግን 2 ደቂቃ ተኩል ነው የሚሰጠው፤ ያ 330 ሰው ገደማ ነው። በሩ ላይ ደረጃ ካለ ወደ 264 ይወርዳል። ይህን ቁጥር የሰማ ስፖንሰር ፊቱ ቢጠቁር አይገርምም፤ መፍትሔው ተጨማሪ በር መክፈት ወይም ዲኮሩን ማንሳት ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሮድ አይላንድ በአንድ የሙዚቃ ክለብ የመድረክ ርችት የግድግዳ ስፖንጅ አቀጣጥሎ 100 ሰዎች ሞተዋል፤ አብዛኛው ሰው የሮጠው ወደ ገባበት ዋና በር ነበር።

ከዚህ የሚከተል ሌላ ስህተት አለ፤ እሱም «ሰው የሚሞተው ደንግጦ ሲረጋገጥ ነው» የሚለው። በሕዝብ መጨናነቅ የሚሞተው ሰው በአብዛኛው ቆሞ፣ ትንፋሽ አጥሮት ነው። በካሬ ሜትር 5 ሰው ሲያልፍ መንቀሳቀስ ያቅታል። ከ6 እስከ 7 ሲደርስ ሕዝቡ እንደ ውኃ ይወዛወዛል፤ ማንም ራሱን አይመራም፣ ደረት ለመተንፈስ የሚሰፋበት ቦታ ያጣል። በ1989 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ሂልስቦሮ ስታዲየም 97፣ በ2010 እ.ኤ.አ. በጀርመን ዱይስቡርግ በሙዚቃ ፌስቲቫል 21፣ በ2022 እ.ኤ.አ. በሴኡል ኢቴዎን 159 ሰዎች ያለቁት እንዲህ ነው። ዱይስቡርግ ላይ መግቢያውና መውጫው አንድ መንገድ ነበር። ኋላ ያለው ሰው ፊት የሚሆነውን አያይም፤ ሲገፋ በክፋት አይደለም።

ምልክቶቹ ቀድመው ይታያሉ። ሰዎች አገጫቸውን ወደ ላይ ያነሳሉ፣ እጃቸውን ከመሀል ወደ ላይ ያወጣሉ፣ ልጆችን በራስ ላይ ያሳልፋሉ፣ አጥር ላይ ይወጣሉ፣ ሕዝቡ ሳይፈልግ ወደ ጎን ይወዛወዛል። ይህ ሲታይ ፊት ያሉትን «ተረጋጉ» ማለት ዋጋ የለውም፤ መጀመሪያ መግቢያው ይዘጋል፣ ከዚያ ከኋላ በኩል ሕዝቡ ይቀለላል። ሙዚቃው ይቆማል፣ መብራቱ ሙሉ በሙሉ ይበራል፣ ማይክሮፎኑ ግን አይጠፋም። «ከኋላ ያላችሁ አምስት እርምጃ ወደ ኋላ» የሚለውን ሕዝቡ የሚሰማው በዚያው ሳውንድ ሲስተም ነውና፣ ማይኩና ጥቂት ስፒከሮች ከዋናው ጀነሬተር ውጪ የሚሠሩበት መንገድ ይዘጋጅ። በአንዳንድ ዝግጅቶች ላይ እንደሚደረገው «ጸጥ ይበሉ» ብሎ ሙሉውን ኤሌክትሪክ መቁረጥ ሕዝቡን ጨለማ ውስጥ መጣል ነው።

«በር ላይ ፍተሻ ስላለ ደህና ነን»

ፍተሻ ራሱ መጨናነቅ ይፈጥራል። አንድ ፈታሽ አንድን ሰው በ6 ሰከንድ ቢጨርስ በሰዓት 600 ሰው ነው፤ የእጅ ቦርሳ ከተጨመረ ቁጥሩ በግማሽ ይቀንሳል። 6,000 ሰው በመጨረሻው አንድ ሰዓት ውስጥ ቢመጣ (እኛ ዘንድ የሚመጣውም እንደዚያ ነው) ቢያንስ 10 መስመር ያስፈልጋል፤ የሴቶችና የወንዶች ደግሞ ለየብቻ። አራት መስመር ብቻ ካለ ዘፈኑ ሲጀመር ውጪ 3,600 ሰው ይቀራል፤ በሩን የሚገፋውም ያ ነው። ሰልፉ ወደ በሩ እየጠበበ የሚሄድ ሳይሆን በባሪኬድ ተጠማዝዞ የሚረዝም ይሁን፤ ከበሩ 10 ሜትር ቀድሞም የሚመለስ ሰው የሚወጣበት ክፍተት ይተውለት።

«ፖሊስ አለ፣ ጥበቃው ያ ይበቃል»

ፖሊስ ጸጥታ ያስከብራል፤ የትኛው በር እንደተቆለፈ፣ ሐኪሙ የት እንደቆመ፣ ጀነሬተሩን ማን እንደሚያጠፋ የማወቅ ግዴታው የአዘጋጁ ነው። ሥርዓት አስከባሪዎች ካርድ ከመሰጠታቸው በፊት በሩን አንድ ጊዜ በእጃቸው ከፍተው ይለማመዱ። ከሁሉም በላይ ዝግጅቱን የማቆም ሥልጣን ያለው አንድ ሰው በስም ይሰየም፤ ያ ሰው የአርቲስቱ ማናጀርም የስፖንሰሩ ተወካይም አይሁን፣ ሬዲዮውን ይዞ ከመድረኩ አጠገብ ይቁም። ዝግጅቱን ማቆም ያለበት በስልክ የሚፈለግ ሰብሳቢ ከሆነ አይቆምም፤ ሕዝብ በበዛበት ቦታ ኔትወርክ ቀድሞ ይጠፋል።

ለአምቡላንስና ለእሳት አደጋ መኪና 4 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ ከመግቢያ እስከ መድረክ ክፍት ይቀመጥ፤ ብዙውን ጊዜ የሚዘጋው በእንግዳ መኪና ነው። በአዲስ አበባ የእሳት አደጋ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991 ነው።

«መግቢያው በነፃ ነው፣ በጎ ሥራ ስለሆነ አንጠየቅም»

ሕጉ ትርፍ አገኛችሁ ወይ ብሎ አይጠይቅም። ነፃ መግቢያ እንዲያውም ይከብዳል፤ ትኬት ስለሌለ ስንት ሰው እንደሚመጣ አይታወቅም። በር ላይ ሁለት ሰው በመቁጠሪያ፣ አንዱ የሚገባውን ሌላው የሚወጣውን ይቁጠር፤ የተወሰነው ቁጥር ላይ ሲደረስ በሩ ይዘጋ።

«የእሳት ማጥፊያ አለን»

የት ነው? ማን ይጠቀምበታል? ለኤሌክትሪክ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጥፊያ ከጀነሬተሩና ከሳውንድ ጠረጴዛው አጠገብ፣ ለምግብ ቤቶች የዱቄት ማጥፊያ ይቀመጥ፤ የዱቄት ማጥፊያው የግፊት መለኪያ ቀስት አረንጓዴው ላይ መሆኑ ይታይ። የዘይት እሳት ላይ ውኃ አይደፋ። የጋዝ ሲሊንደር ቆሞና ታስሮ ከድንኳኑ ውጪ ይሁን፤ ለጀነሬተር የሚሆን ነዳጅም ሞተሩ እየሠራ አይቀዳ። ርችት የሚተኩስ አዘጋጅ ደግሞ አንቀጽ 2069ን ያንብብ፦ ፈንጂ ነገር በመጠቀም ወይም በማከማቸት ጉዳት ያደረሰ ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል።

«መድን ገብተናል»

የትኛውን? የመኪና ሦስተኛ ወገን መድን ለዝግጅቱ አይሆንም፤ የሚያስፈልገው አዘጋጁ በሌሎች ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚሆን የኃላፊነት መድን ነው። ፖሊሲው ላይ የዝግጅቱ ስምና ቀን፣ የመድረክ ግንባታውና የማፍረሻው ቀናት፣ የሰው ብዛት ይጻፍ። ብዙ ጉዳት የሚደርሰው ስቴጁ ሲፈርስ ነው፤ ፖሊሲው ያኔ አልቆ ይገኛል። ለ800 ሰው ተብሎ 2,500 ካስገቡ መድን ሰጪው የሚከራከርበት አገኘ ማለት ነው። የራሳችሁ ተቀጣሪ ሲጎዳ ደግሞ የሚሠራው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ነው፤ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ይጠየቃል።

«አደጋ ከደረሰ በኋላ የሚሠራው ሥራ የፖሊስ ነው»

በመጀመሪያው ሰዓት አዘጋጁ የሚያደርገው ብዙ አለ። የተደረመሰው አይነሳ፣ አይጠረግ፤ ሰው ለማዳን የሚነሳ ነገር ካለ ከመነሳቱ በፊት ፎቶ ይነሳ። የበር መቁጠሪያው ቁጥር፣ የሬዲዮ ግንኙነቱ ሰዓት፣ የካሜራ ቅጂው (ብዙ ካሜራ ከጥቂት ቀን በኋላ በላዩ ይቀርጻል) ወዲያው ይያዝ። የምስክሮች ስምና ስልክ ይመዝገብ። ከማይክ ላይ «ጥፋቱ የእገሌ ነው» የሚል መግለጫ አይሰጥ። መድን ሰጪው ፖሊሲው ባስቀመጠው ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይነገረው።

ሰነዶቹ ሁሉ፣ ከመሐንዲሱ ርክክብ እስከ ሥርዓት አስከባሪዎቹ የመገኛ ሠንጠረዥ፣ ቢያንስ ሁለት ዓመት ይቀመጡ። በአንቀጽ 2143 የካሣ ክስ የሚቀርበው ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው፤ ጉዳዩ ረዘም ያለ ይርጋ (ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ) ያለው ወንጀል ከሆነ ግን ክሱም እስከዚያው ድረስ ሊመጣ ስለሚችል ፋይሉ አይጣል።